እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ

ሴፕቴምበር 8 ቀን 1923 እ.ኤ.አ. 14 የአሜሪካ የጦር መርከቦች በካፒቴን ኤድዋርድ ዋትሰን አዛዥነት ከሳን ፍራንሲስኮ ወደ ሳን ዲዬጎ ጉዞ ጀመሩ። ጭጋግ የባሕሩን ዳርቻ ጋርዶታል። የት እንደደረሱ የሚገምቱት ፍጥነትን፣ አቅጣጫንና ሰዓትን ይዘው በማስላት ነበር። ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ሳንታ ባርባራ ወሽመጥ በር ላይ የደረሱ መስሏቸው ወደ ምሥራቅ ታጠፉ። ከ5 ደቂቃ በኋላ መሪዋ መርከብ ዴልፊ በ20 ኖት ፍጥነት ሆንዳ ከተባለው ቋጥኝ ጋር ተላተመች። ከኋላዋ ተሰልፈው የሚከተሉት እየተከታተሉ ገቡ። 7 መርከቦች እዚያው ቀሩ፤ 23 መርከበኞች ሞቱ።

ስህተቱ ምን ላይ ነበር? መርከብ በውሃ ላይ ትሄዳለች፤ ውሃውም ራሱ ይሄዳል። ስለዚህ ትክክለኛውን መንገድ ለማግኘት ሦስት ማዕዘን መሥራት ያስፈልጋል። አንዱ ጎን የመርከቧ ፍጥነትና አቅጣጫ፣ ሁለተኛው የውቅያኖሱ ጅረት፣ ሦስተኛው መርከቧ በእርግጥ የምትጓዝበት መስመር ነው። በ20 ኖት የምትሄድን መርከብ የ2 ኖት ጅረት ከጎን ቢገፋት፣ 2 ለ20 ሲካፈል 0.1 ነው፤ ሳይኑ 0.1 የሆነ ማዕዘን ደግሞ 6 ዲግሪ ገደማ ነው። መርከቧ በዚያ መጠን ፊቷን ወደ ጅረቱ መምጫ ካላዞረች በ10 ሰዓት ውስጥ ወደ 20 የባሕር ማይል፣ ማለትም 37 ኪሎ ሜትር፣ ወደ ጎን ትወሰዳለች። ተሳፋሪው ግን አይታወቀውም፤ ውሃው ይዞት ነው የሚሄደው።

በዚያ ምሽት የጎደለው ይህ ሁለተኛው ጎን ነበር። ከሳምንት በፊት ጃፓንን ከመታው ታላቅ የመሬት መንቀጥቀጥ ጋር ጅረቱን የሚያያይዙት ብዙዎች ናቸው። ሆኖም ማስጠንቀቂያ አልጠፋም። የፖይንት አርጌሎ የሬዲዮ ጣቢያ መርከቦቹ ገና በስተሰሜን እንዳሉ የሚያሳይ አቅጣጫ ልኮ ነበር። መሣሪያው አዲስ ስለነበር መኮንኖቹ ከጣቢያው ይልቅ የራሳቸውን ስሌት አመኑ። የውሃውን ጥልቀት ለመለካትም ፍጥነት አልቀነሱም።

ዋትሰን ኃላፊነቱን በሙሉ ራሳቸው ወሰዱ። ይህ ያስከብራቸዋል፤ የሞቱትን ግን አይመልስም።

ሂሳቡ አልዋሸም፤ ያልተነገረውን ሊያሰላ ግን አይችልም። መሪ ከውጭ የመጣውን ልኬት ከራሱ ግምት ጋር ስላልገጠመ ብቻ ከጣለው፣ ከኋላው የተሰለፈው ሁሉ ዋጋውን ይከፍላል።