ፍል ውሃ በመሬት ስብራቶች በኩል እንዴት ይዘዋወራል?

የአዲስ አበባ አመሠራረት ከፍል ውሃ ጋር የተቆራኘ ነው። በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ብጡል በፍል ውሃ አቅራቢያ ቤት ማሠራታቸው ለከተማዋ መቆርቆር ምክንያት ሆኗል። ከፍል ውሃ በላይ፣ በእንጦጦ ተዳፋት ላይ የሚገኙት አራዳና ፒያሳም በኋላ የከተማዋ ዋነኛ የገበያ ስፍራ ሆነው ነበር።

የፍል ውሃ መነሻ ዝናብ ነው። በእንጦጦና በአካባቢው ከፍታዎች ላይ የሚጥለው ዝናብ ከፊሉ በቀበና፣ በቀጨኔና በሌሎች ወንዞች ሲወርድ፣ ከፊሉ በእሳተ ገሞራ ዓለቶች ስንጥቅ ወደ ጥልቀት ይሰርጋል። የምድር ሙቀት በአማካይ በየኪሎ ሜትሩ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ይጨምራል፤ በስምጥ ሸለቆ አካባቢ ግን ጭማሪው ከዚህ ሊበልጥ ይችላል። የሞቀ ውሃ ክብደቱ ስለሚቀንስና በቀላሉ ስለሚፈስ፣ ከከፍታው በሚመጣው ቀዝቃዛ ውሃ ግፊት እየታገዘ የተሰባበረ ዓለት ባለበት መስመር ወደ ላይ ይወጣል። በአዲስ አበባ ይህን መንገድ የሚከፍተው ከደቡብ ምዕራብ ወደ ሰሜን ምሥራቅ የተዘረጋው የፍል ውሃ ስብራት ነው።

ስብራት ሁሉ ግን ውሃ አያሳልፍም። የደቀቀ ዓለት ወደ ሸክላነት ሲለወጥ ወይም ከውሃው የሚዘቅጥ ማዕድን ስንጥቁን ሲሞላው መንገዱ ይዘጋል፤ የመሬት መንቀጥቀጥም መልሶ ሊከፍተው ይችላል።

ተመሳሳይ ዝውውር በባሕር ወለል ሥርም ይካሄዳል። የባሕር ውሃ በስንጥቆች ሰርጎ በቅልጥ ዓለት አቅራቢያ ከ350 ዲግሪ በላይ ሊሞቅ ይችላል፤ ከፍተኛው ግፊትም እንዳይፈላ ያግደዋል። በቀይ ባሕር ሁለት ሺህ ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ በብረታ ብረት የበለጸገ ሙቅና ጨዋማ ውሃ ይገኛል። በሀገራችንም የአሉቶ ላንጋኖ የእንፋሎት ኃይል ማመንጫ የተመሠረተው በስብራቶች በኩል በሚወጣ የምድር ሙቀት ላይ ነው።

በዛሬው ጊዜ የፍል ውሃ አገልግሎት የሚሰጠው ከጉድጓድ በሚሳብ ውሃ ነው። ከሚተካው በላይ ሲሳብ ግፊቱ ይቀንሳል፤ ቀዝቃዛ ውሃም ገብቶ ሙቀቱን ሊያወርደው ይችላል። በተዳፋቱ ላይ ያለው መሬት በአስፋልትና በኮንክሪት ሲሸፈን ወደ ውስጥ የሚሰርገው ዝናብ ያንሳል፤ ከመጸዳጃ ጉድጓዶች የሚያፈተልክ ፍሳሽም የከርሰ ምድር ውሃን ይበክላል። በጥልቅ ዓለት ውስጥ የሚጓዝ ውሃ ለመታደስ ረጅም ዘመን ስለሚፈልግ ጉዳቱ በአጭር ጊዜ አይታረምም። ስለሆነም ጉድጓድ ከመቆፈሩ በፊት የሚመለከተውን አካል ፈቃድ ማግኘት፣ የእንጦጦን ደን መንከባከብና ፍሳሽን በአግባቡ ማስወገድ ከተማዋ የተመሠረተችበትን ሀብት ለመጠበቅ አስፈላጊ ናቸው።