ሐኪሙ፣ ደመኛውና ያልተጠራው ዳኛ

በ«ስታር ትሬክ፦ ስትሬንጅ ኒው ዎርልድስ» ተከታታይ ድራማ ሁለተኛ ምዕራፍ፣ በስምንተኛው ክፍል ማብቂያ ላይ አንድ ሐኪምና አንድ አምባሳደር በመርከቧ የሕክምና ክፍል ለብቻቸው ይገናኛሉ። አምባሳደሩ ይለማመጣል፤ ሐኪሙ እንዲተወው ይነግረዋል። ካሜራው ከደብዛዛ መስታወት ወዲህ ይቀራል። ከወዲያ በኩል ሁለት ጥላዎች ይተናነቁና አንዱ ይወድቃል። የሞተው አምባሳደሩ ነው፤ የገደለው ቢላዋ ሐኪሙ ከጦርነቱ ጀምሮ በሳጥን ያስቀመጠው ነው። እጁን ቀድሞ ያነሳው ማን እንደሆነ ግን ተመልካቹ አያይም። ክፍሉ ሐምሌ 20 ቀን 2015 ዓ.ም. ከተሠራጨ ወዲህ የተከታታዩ አድናቂዎች በዚህች አጭር ትዕይንት የተነሳ ለሁለት ተከፍለዋል። አንዱ ወገን ዶክተር ጆሴፍ ምቤንጋን ነፍሰ ገዳይ ይለዋል፤ ሌላው የጦርነት ቁስለኛ። የዚህ መጣጥፍ ክርክር ሁለቱም ወገኖች አንድ ሰው ረስተዋል የሚል ነው፤ ዳኛውን። ይህን ጉድለት ለማየት ደግሞ ከአዲስ አበባ የተሻለ መቆሚያ አላውቅም።

ምቤንጋ በመጀመሪያ ስሙ እንኳ በቅጡ የማይያዝ ገጸ ባሕርይ ነበር። በ1968 እና በ1969 እ.ኤ.አ. በኤንቢሲ ቴሌቪዥን በታየው የመጀመሪያው ስታር ትሬክ ቡከር ብራድሾ የተባለ ተዋናይ ወክሎት በጥቅሉ በሁለት ክፍሎች ብቻ ብቅ አለ። ስፖክ የተባለው መኮንን ሲቆስል የሚያክም፣ የስፖክን ዘር የቩልካኖችን አካል ጠንቅቆ የሚያውቅ ሐኪም ነበር፤ ከዚያ የዘለለ ታሪክ አልተሰጠውም። ከሃምሳ ዓመት በላይ ቆይቶ በ2022 እ.ኤ.አ. ሌጎስ በተወለደው በባብስ ኦሉሳንሞኩን ተወክሎ ሲመለስ ግን ሙሉ ሰው ሆኖ መጣ። በመጀመሪያው ምዕራፍ የማይድን በሽታ የያዛትን ልጁን ሩኪያን ጊዜ እንዳይቀድመው በመርከቧ ማጓጓዣ መሣሪያ ውስጥ ደብቆ ያቆየ፣ ማታ ማታ እያወጣ ተረት የሚያነብላት አባት ነው። ተመልካች የወደደው ያንን አባት ነው። ቀጥሎ የመጣው መከፋፈል መሠረቱ እዚህ ላይ ይመስለኛል። በአባትነቱ የገባንን ሰው ቢላዋ ጨብጦ ስናየው ወይ ቢላዋውን እናስተባብላለን፣ ወይ አባቱን እንክዳለን።

የጦርነቱ ታሪክ በስምንተኛው ክፍል የሚገለጠው በትውስታ ነው። ምቤንጋ መርከቧ በምታገለግለው በፌዴሬሽኑና በጠላቶቹ በክሊንጎኖች ጦርነት ወቅት ጄጋል በተባለ ጨረቃ ላይ በተተከለ የጦር ሜዳ ሆስፒታል ከነርስ ክሪስቲን ቻፕል ጋር ይሠራል። ቁስለኛው ብዙ፣ መሣሪያው ጥቂት ነው። ሕይወቱን ለማትረፍ በማጓጓዣው ውስጥ ያቆየውን አንድ ወታደር፣ አዲስ ቁስለኞች ሲጎርፉ ቦታ ለመልቀቅ ሲል በገዛ እጁ ያጠፋዋል። ቻፕል አጠገቡ ቆማ ታያለች። በዚህ ትዕይንት ማንም አይጮኽም፤ አንድ አዝራር ይጫናል፣ ሥራው ይቀጥላል። በእኔ ግምት ከመስታወቱ ወዲያ ከሚታየው ትግል ይልቅ ምቤንጋን የሚያስረዳው ይህ ነው። ያንን የዋለ ሰው ነው ኋላ «ፕሮቶኮል 12» የሚባለውን ኃይል ሰጪ መድኃኒት ወስዶ፣ ሲቪሎችን ያስጨረሰውን ጄኔራል ዳክ ራህን ፍለጋ ወደ ጠላት ሰፈር የገባው። የራህን መኮንኖች ገደለ፤ ራህ አመለጠ። ካመለጠ በኋላ ራህ መኮንኖቼን የገደልኳቸው በግፋቸው ተጸጽቼ እኔው ነኝ ብሎ ለፌዴሬሽኑ እጁን ሰጠ። በዚህ ውሸት አምባሳደር ሆነ፤ የሰላም ምሳሌ ተብሎ በመርከቧ አዛዥ በካፒቴን ፓይክ ማዕድ ተቀመጠ።

የምቤንጋ ተሟጋቾች የሚቆሙት እዚህ ላይ ነው። ግፈኛው የግፉን ዋጋ ሳይከፍል የሰላም ሰባኪ ሆኖ መጣ፤ ይባስ ብሎ ተጎጂውን አብረን ቆመን ሰላም እንስበክ አለው። ይህን የሚሸከም አንጀት የለም ይላሉ። ተቃዋሚዎቹ በበኩላቸው ሐኪም ምሏል፣ የሕክምና ክፍል የተከበረ ቦታ ነው፣ ስታር ትሬክም ከ1966 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሰው ከበቀል በላይ ሊሆን ይችላል ብሎ ያስተማረ ሥራ ነው ይላሉ። ራህ በእርግጥ ተለውጦ ቢሆንስ ብለው የሚጠይቁም አሉ፤ ጥያቄያቸው ቀላል አይደለም፣ ምክንያቱም ራህ ስለ ትናንቱ ቢዋሽም ለሰላም የሠራው ሥራ የታየ ነው።

የእኛ አገር ተመልካች በገጸ ባሕርይ መሟገት ብርቁ አይደለም። በ«ሰው ለሰው» ድራማ አበበ ባልቻ የተጫወተው አስናቀ ስንት ቤት ውስጥ እንዳከራከረ የሚያስታውስ ያስታውሰዋል። የአስናቀ ክርክር ግን ክፉውን መጥላትና ተዋናዩን ማድነቅ አብረው የሚሄዱበት ነበር። የምቤንጋ ይለያል። በገርጂና በጉርድ ሾላ ከማውቃቸው የሳይንስ ልቦለድ ወዳጆች ጋር ይህ ክፍል ሲነሳ ወሬው ከመርከቧ ወጥቶ ወደ አገር ጉዳይ ለመግባት ጊዜ አይፈጅበትም። አንዱ ደም ይመለሳል ይላል፤ ሌላው ሽማግሌ ለምን ተፈጠረ ይላል። በነርስነት የምትሠራ አንዲት ወዳጄ ያነሳችው ነጥብ ከሁሉም በላይ አስገርሞኛል፤ የከበዳት መግደሉ ሳይሆን ቢላዋው ከመድኃኒት ጋር በአንድ ክፍል መኖሩ ነበር። ክፍሉ የተሠራጨው የሰሜን ኢትዮጵያን ጦርነት ያስቆመው የፕሪቶሪያው ስምምነት ከተፈረመ ዘጠኝ ወር ሳይሞላው ነው፤ የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲው በሚኒስትሮች ምክር ቤት የጸደቀው ደግሞ በሚያዝያ 2016 ዓ.ም.። ከጦርነት በኋላ ከትናንት ባላጋራ ጋር በአንድ ገበታ መቀመጥ ለዚህ አገር ተመልካች የሩቅ ኮከብ ጥያቄ አይደለም።

የቦሌ መንገድ ከሚጀምርበት ከመስቀል አደባባይ ጥግ፣ በ2002 ዓ.ም. የተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም አለ። በግድግዳው ላይ የሟቾች ጉርድ ፎቶግራፎች ተደርድረዋል፤ በመስታወት ውስጥ ከጅምላ መቃብር የወጡ የራስ ቅሎችና አልባሳት ይታያሉ። ከዚያ የደርግ ዘመን ከተረፉ ሰዎች የአንዷ ታሪክ ከምቤንጋና ከራህ ጋር በሚያስደነግጥ ሁኔታ ይገጥማል። እጅጋየሁ ታዬ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ በአሜሪካ አትላንታ ከተማ በአንድ ሆቴል ይሠሩ ነበር። በዚያው ሆቴል የእንግዶችን ሻንጣ የሚሸከም አንድ ኢትዮጵያዊ አዩ፤ ለዩትም። በአዲስ አበባ ከፍተኛ 9 የተባለው አስተዳደር ሊቀ መንበር ሳለ ያስገረፋቸው ቀልቤሳ ነገዎ ነበር። እንደ ምቤንጋ እርሳቸውም ደመኛቸውን ያገኙት በሥራ ቦታቸው ነው፤ ያውም የትናንቱን የማያውቁ ሰዎች ጨዋ ሠራተኛ ብለው በሚያዩት ጊዜ።

እጅጋየሁ የመረጡት መንገድ ፍርድ ቤት ነው። ከሂሩት አበበ ጅሪና ከኤልሳቤጥ ደምሴ ጋር ሆነው በ1990 እ.ኤ.አ. ክስ መሠረቱ። የተመረኮዙት የውጭ አገር ዜጎች በዓለም አቀፍ ሕግ ጥሰት ካሳ እንዲጠይቁ በሚፈቅድ፣ በ1789 እ.ኤ.አ. በወጣ የአሜሪካ ሕግ ላይ ነበር። ሦስቱም በችሎት ቀርበው በአካላቸው የደረሰውን ግርፋት በዝርዝር ተናገሩ፤ ተከሳሹም በዚያው ችሎት ሰማቸው። በነሐሴ 1993 እ.ኤ.አ. ዳኛው ለእያንዳንዳቸው 500 ሺህ ዶላር ፈረዱ፤ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤትም በጥር 1996 እ.ኤ.አ. አጸናው።

የምቤንጋ ተሟጋቾች እዚህ ላይ ጠንካራ መልስ አላቸው፤ ልሸሸው አልፈልግም። ፍርድ ቤቱ ፈርዶ ሳለ፣ ይግባኙ ሳያልቅ፣ በ1995 እ.ኤ.አ. ያው የአሜሪካ መንግሥት ለቀልቤሳ ዜግነት ሰጠው። ፌዴሬሽኑ ራህን አምባሳደር እንዳደረገው ማለት ነው። ዜግነቱ የተነጠቀው በ2004 እ.ኤ.አ. ነው። በአገር ቤትም ቢሆን የደርግ ባለሥልጣናት ችሎት በ1987 ዓ.ም. ተጀምሮ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በሌለበት ጥፋተኛ የተባለው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ አሥራ ሁለት ዓመት። መንግሥት ለጥቅሙ ሲል ግፈኛን ሊያቅፍ ይችላል፤ ፍትሕም እግሩ ይጎተታል። ሰው በዚህ ተስፋ ቢቆርጥ አይፈረድበትም። ሆኖም ሦስቱ ሴቶች መዝገብ አስከፍተው መሄዳቸው ከቢላዋ ጋር ሲነጻጸር አንድ የማይካድ ነገር አስገኝቷል፤ የተፈጸመው ግፍ በማስረጃ ተረጋግጦ በፍርድ ቃል ተጽፏል። ራህ በሞተ ጊዜ ግን ውሸቱ አብሮት ተቀበረ። የጄጋል ሟቾች የተጨፈጨፉት በእርሱ ትእዛዝ መሆኑ በአደባባይ አልተነገረም፤ ፌዴሬሽኑም የሰላም ሰው ሞተብኝ ብሎ ቀረ። ምቤንጋ ሲገድለው ከሁሉ በላይ የጎዳው የጄጋልን ሟቾች ነው። ይህን ከተሟጋቾቹም ከነቃፊዎቹም አንደበት አልሰማሁም።

ስታር ትሬክ ራሱ ይህን መንገድ ያውቀዋል። ከአትላንታው ፍርድ ሁለት ወር ቀድሞ፣ በሰኔ 1993 እ.ኤ.አ.፣ «ዲፕ ስፔስ ናይን» በተባለው ተከታታይ «ዱኤት» የሚል ርዕስ ያለው ክፍል ታይቶ ነበር። የተከታታዩ ገጸ ባሕርይ ሜጀር ኪራ፣ ሕዝቧ በተሠቃየበት ጋሊቴፕ በተባለ የግዳጅ ሥራ ካምፕ ያገለገለ ካርዳሲያዊ ወደ ጣቢያው ሲመጣ ለበቀል ምክንያት ሞልቷታል፤ ያደረገችው ግን ማሰር፣ መመርመርና ለፍርድ ማዘጋጀት ነው። ምርመራው እየገፋ ሲሄድ ሰውየው የካምፑ አዛዥ ሳይሆን ጩኸቱን ላለመስማት ጆሮውን ይዞ ያለቅስ የነበረ ጸሐፊ መሆኑ ታወቀ። የራሱ ሕዝብ ጥፋቱን እንዲያምን ሲል ራሱን አዛዡን አስመስሎ ለቅጣት አቅርቦ ነበር። ምርመራ ባይኖር ኖሮ ኪራ ንጹሕ ሰው ገድላ ኮራሁ ባለች ነበር። በክፍሉ መጨረሻ ያንን ጸሐፊ አንድ መንገደኛ በቢላዋ ይወጋዋል፤ ድራማው ግን ገዳዩን በግልጽ አሳይቶናል፣ ኪራም በገዳዩ ድርጊት አልተስማማችም። የ1993ቱ ሥራ ያደረገውን የ2023 እ.ኤ.አ.ው «ስትሬንጅ ኒው ዎርልድስ» ለማድረግ አልደፈረም።

ስለዚህ ደብዛዛውን መስታወት እንደ ጥበብ ብልሃት የሚያደንቁት ወገኖች አያሳምኑኝም። ብልሃቱ ቅንብሩን አሳምሮታል፤ የኦሉሳንሞኩን ትወናም በዝምታው ብቻ ሊታይ የሚገባው ነው። ነገር ግን ያ መስታወት ተመልካቹን ዳኛ አድርጎ ሲያስቀምጥ ማስረጃውን ነፍጎታል። ያለችው ምስክር ቻፕል ናት፤ እርሷም የቆመችው ከመስታወቱ ወዲህ፣ ከእኛው ጋር ነው። ቢሆንም ጠቡን የጀመረው ራህ ነው ብላ ቃሏን ሰጠች። ፓይክ የመርከቧ አዛዥ ሆኖ ሳለ የጠየቀው በወዳጅነት ነው። በ2025 እ.ኤ.አ. በታየው ሦስተኛ ምዕራፍ የራህ ልጅ በአባቷ ሞት የተነሳ ምቤንጋን ፍለጋ ስትመጣ እንኳ ጉዳዩ ችሎት ፊት አልቀረበም። በሕግ የበላይነቱ የሚኮራ ፌዴሬሽን የሚሣልበት ድራማ፣ ለአንድ አምባሳደር ሞት አንድ የምርመራ ትዕይንት ሳይጽፍ መቅረቱ የድርሰት ጉድለት ነው፤ አድናቂዎቹም የተከፋፈሉት ድራማው ራሱ ሊጠይቀው የሚገባውን ጥያቄ ሳይጠይቅ ስለተወው ነው። የአትላንታው ታሪክ ግን በችሎት ተቋጭቷል፤ ቀልቤሳ ነገዎ በ2002 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ በሌለበት የዕድሜ ልክ እስራት ተፈርዶበት ነበር፤ በጥቅምት 2006 እ.ኤ.አ. ከአሜሪካ ተባርሮ ፍርዱን እንዲፈጽም ለኢትዮጵያ ተላልፎ ተሰጠ።