አቅመ ደካማን ዝቅ ባለ መኪና ማሳፈርና ማውረድ

እናቴ የዳሌ ስብራት ታክማ ሐረር ወደሚገኘው ቤቷ ከተመለሰች በኋላ፣ በጣም ያስቸገረን መራመዱ ሳይሆን ታክሲ ውስጥ መግባቱ ነበር፡፡ በክራንች ሃያ ሠላሳ እርምጃ ሄዳ የመኪናው በር ሲከፈትላት ድርቅ ብላ ትቆማለች፡፡ አንዱ እጇን ይስባል፣ ሌላው ከኋላ ይገፋል፣ ሹፌሩ ደግሞ «ማዘር፣ ጎንበስ ይበሉ!» ይላታል፡፡ በሦስተኛው ቀጠሮ ዋዜማ «ብቀርስ ምን እሆናለሁ?» አለችን፡፡ ቤተ ክርስቲያን መሄዱንና ለቅሶ መድረሱንማ ቀድማ ትታው ነበር፡፡

በኋላ አንዲት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ አሠራሩን አሳየችን፡፡ እኔም ሌላው ቤተሰብ እንደኛ እንዳይቸገር ከእሷ የተማርነውንና በተግባር ያየነውን እጽፋለሁ፡፡

መጀመሪያ ምክንያቱን እንይ፡፡ የተለመደ የቤት ወንበር ከመሬት 45 ሳንቲ ሜትር ገደማ ከፍ ይላል፡፡ የአነስተኛ አውቶሞቢል መቀመጫ ከዚያ ዝቅ ሊል ይችላል፤ ጣሪያውም አንገት ያስደፋል፡፡ መቀመጫው ዝቅ ባለ ቁጥር ጉልበትና ዳሌ ይበልጥ ይታጠፋሉ፣ ለመነሣትም የጭን ጡንቻ ብዙ ኃይል ይፈልጋል፡፡ ሰው ሠራሽ የዳሌ መገጣጠሚያ የገባላቸው ብዙ ሕሙማን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ዳሌያቸውን ከ90 ዲግሪ በላይ እንዳያጥፉ ይነገራቸዋል፡፡ በቀላሉ ሲገለጽ ጉልበት ከዳሌ ከፍ አይበል ማለት ነው፡፡ እንዲህ ዓይነት ትእዛዝ ያለበት ሰው ሐኪሙን ሳያማክር ዝቅተኛ መኪና ባይሞክር ይሻላል፡፡

ዋናው ስህተት እንደ ጤነኛ ሰው አንድ እግርን አስቀድሞ ማስገባት ነው፡፡ ያን ጊዜ መላው የሰውነት ክብደት በአንድ እግር ላይ ይወድቃል፣ ወገብም ይጠመዘዛል፡፡ ትክክለኛው መንገድ መጀመሪያ መቀመጥ፣ ከዚያ መዞር ነው፡፡ የፊት ወንበሩ እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ይሳብ፣ መደገፊያውም ትንሽ ጋደም ይበል፡፡ ታማሚው ጀርባውን ለመኪናው ሰጥቶ፣ መቀመጫው የእግሩን ኋላ እስኪነካው ድረስ ቀስ እያለ ያፈግፍጋል፡፡ የታመመውን እግር ወደ ፊት ዘርጋ አድርጎ፣ አንድ እጁን በዳሽቦርዱ ሌላውን በወንበሩ መደገፊያ ላይ አሳርፎ፣ ጭንቅላቱን ከጣሪያው እየጠበቀ ይቀመጣል፡፡ የተከፈተ በር ግን መደገፊያ አይደለም፤ ይወዛወዛል፡፡ ከተቀመጠ በኋላ ወደ ውስጥ ሸርተት ይልና ትከሻውም እግሮቹም አብረው ይዞራሉ፡፡ ረዳት ካለ የታመመውን እግር ከባቱ ሥር ደግፎ ያነሣለታል፡፡

ሸርተት ማለቱ ለሚያስቸግረው አንድ ፌስታል መቀመጫው ላይ ማንጠፍ ተአምር ይሠራል፡፡ ሆኖም መኪናው ከመነሣቱ በፊት ይውጣ፤ ፍሬን ሲያዝ ሰውየውንም ያንሸራትተዋል፡፡ መቀመጫውን ከፍ ለማድረግ ለስላሳ ስፖንጅ አይረባም፣ ይሰምጣል፡፡ ጠበቅ ተደርጎ የተጣጠፈ ብርድ ልብስ ይሻላል፤ ጭንቅላት ጣሪያ እንዳይነካ ግን ቀድሞ መለካት ያስፈልጋል፡፡

ከመኪናው ዓይነት ይልቅ የሚቆምበት ቦታ እንደሚበልጥ ያስተማረችኝ ራሷ ሐረር ናት፡፡ በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ጀጎል መንገዱ የተሠራው ለእግረኛና ለአህያ ነው፡፡ ከሐረር በር ወደ ፈረስ መጋላ ከሚወስደው ሰፊ መንገድ ሲወጡ፣ አብዛኛው ጠባብ መተላለፊያ፣ ዳገትና ቁልቁለት ነው፡፡ በግንቡ ውስጥ የሚኖር ታማሚ መኪናው ዘንድ የሚደርሰው ደክሞ ስለሆነ አንድ ሰው የፕላስቲክ ወንበር ይዞ ይከተለው፤ ጥቂት አርፎ ይግባ፡፡ መኪናው ቁልቁለት ላይ ከቆመ በሩ ወይ ይዘጋበታል ወይ ከእጅ ያመልጣል፡፡ በአገራችን የሚነዳው በቀኝ በኩል በመሆኑ ደግሞ የፊት ተሳፋሪ በር የሚከፈተው ወደ እግረኛ መንገዱ ነው፡፡ ታማሚው ከፍ ካለው ጠርዝ ላይ ከቆመ መቀመጫው ይበልጥ ይርቀዋል፡፡ መፍትሔው ከጠርዙ አንድ እርምጃ ያህል ራቅ ብሎ ማቆምና አስፋልቱ ላይ ቆሞ መግባት ነው፡፡ እናቴ አሁን «ልጄ፣ ራቅ አድርገህ አቁምልኝ» ብላ ሹፌሩን የምታዘው ራሷ ናት፡፡

ለብዙ ዓመታት የሐረር ታክሲ መለያ የነበረችው ፔጆ 404 እ.ኤ.አ. በ1960 የወጣች ናት፡፡ የዛሬ ወጣት ቢስቅባትም ለእናቴ ከኮሮላ ዲኤክስ ይልቅ ትመቻት ነበር፡፡ ቪትዝም ከዲኤክስ ሳይሻል አይቀርም፡፡ ባጃጅ በር ስለሌለው ይቀላል ይባላል፤ ነገር ግን የኋላ ወንበሩ ጋ ለመድረስ ጎንበስ ብሎ መዞር ግድ ነው፣ እግር መዘርጊያም የለውም፡፡ የሚኒባስ ችግር ደግሞ ተቃራኒው፣ የደረጃው ከፍታ ነው፡፡

መውጣት ከመግባት ይከብዳል፡፡ ሁለቱ እግሮች አብረው ወደ ውጭ ይዙሩ፤ ታማሚው እስከ መቀመጫው ጫፍ ይምጣ፤ ጤነኛውን እግር ወደ ራሱ ሰብስቦ መሬት ያስረግጥ፡፡ ቀጥሎ ደረቱን ወደ ፊት አዘንብሎ በእጆቹ መቀመጫውን እየገፋ ይነሣ፡፡ ዳሌውን ከ90 ዲግሪ በላይ እንዳያጥፍ የታዘዘ ሰው ግን አያዘንብል፤ የታመመውን እግር ዘርግቶ፣ ደረቱን ቀና አድርጎ፣ በሁለት እጁ ኃይል ይነሣ፡፡ ረዳቱ በደካማው ጎን ይቁም፡፡ እጅ ወይም ብብት ይዞ መጎተት ትከሻን ይጎዳል፤ ወገብ ላይ በታሰረ ጠንካራ ቀበቶ መደገፍ ይሻላል፡፡ ከቆመ በኋላ ክራንቹን ከመቀበሉ በፊት ትንሽ ይቆይ፤ ብዙ አዛውንት ድንገት ሲነሡ ያዞራቸዋል፡፡

ወደ ድሬዳዋ ስንወርድ ሐሮማያ ላይ እናቆማለን፡፡ መንገዱ ረጅም ባይሆንም ታጥፎ የቆየ ዳሌ ይደርቃል፤ እናቴም ወርዳ ጥቂት እርምጃ ትንቀሳቀሳለች፡፡