በኬንያ የባሕር ዳርቻ ግንባታው ያልተጠናቀቀ አፓርታማ ከመግዛት በፊት ሊታወቁ የሚገባቸው ጉዳዮች

በውጭ ሀገር ሠርተው ጥሪት የቋጠሩ ልጆች ያሏቸው ቤተሰቦች "ገንዘቡን ምን ላይ እናውለው?" የሚለውን ጥያቄ ደጋግመው ያነሳሉ። ከአማራጮቹ አንዱ ሆኖ እየቀረበ ያለው በጎረቤት ኬንያ የሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ በመገንባት ላይ ያለ አፓርታማ ነው። ማስታወቂያው የሚያሳየው ነጭ አሸዋ፣ የኮኮናት ዛፍና ሰማያዊ ባሕር ነው፤ ዋጋው በዶላር ይጠራል፤ ክፍያው በየጊዜው ተከፋፍሎ ይፈጸማል። ሆኖም የብዙ ዓመት ድካም የተጠራቀመበት ገንዘብ ገና ላልቆመ ቤት ከመከፈሉ በፊት የሀገሪቱን ሕግ፣ የመሬቱን ታሪክና የገቢውን ትክክለኛ ስሌት ማወቅ ያስፈልጋል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቦታውና የፍላጎቱ ምክንያት

የኬንያ የባሕር ዳርቻ ከሶማሊያ ድንበር እስከ ታንዛኒያ ድንበር ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ይዘረጋል። ሞምባሳ የአካባቢው ትልቁ ከተማና ወደብ ሲኾን፣ በሰሜኑ ኪሊፊ፣ ዋታሙና ማሊንዲ፣ በደቡቡ ደግሞ ዲያኒ ይገኛሉ። በ2019 በተካሄደው የሕዝብ ቆጠራ የኬንያ ሕዝብ 47 ነጥብ 6 ሚሊዮን የነበረ ሲኾን፣ የሞምባሳ ብቻውን ከ1 ነጥብ 2 ሚሊዮን በላይ ነበር። በ2017 ሥራ የጀመረው የሞምባሳና ናይሮቢ ዘመናዊ የባቡር መስመር ከዋና ከተማዋ ወደ ባሕር የሚወርደውን ተጓዥ አብዝቶታል። የኢትዮጵያ አየር መንገድም ከአዲስ አበባ ወደ ሞምባሳ ይበራል። የሕዝብ ብዛት፣ የመካከለኛ ገቢ ቤተሰቦች መበራከትና ቱሪዝም ተደማምረው የአፓርታማ ግንባታውን ያፋጥኑታል። ፍላጎቱ እውነተኛ ነው፤ ነገር ግን የአካባቢው ማደግ ብቻውን እያንዳንዱን ገዥ አያተርፍም።

ሕጉ ለውጭ ሀገር ዜጋ የሚሰጠው መብት

በ2010 የጸደቀው የኬንያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 65 የውጭ ሀገር ዜጋ መሬት ሊይዝ የሚችለው በሊዝ ብቻ መሆኑንና ዘመኑም ከ99 ዓመት እንደማይበልጥ ይደነግጋል። በውል ላይ ከዚህ የበለጠ መብት ቢጻፍ እንኳ ሕጉ የሚቆጥረው የ99 ዓመት ሊዝ ተደርጎ ነው። ስለዚህ "ለዘላለም የእርስዎ ይሆናል" የሚል ደላላ ሕጉን አያውቅም፤ ወይም እያወቀ ይደብቃል።

"ኩባንያ አቋቁመን በኩባንያው ስም እንገዛለን" የሚለው መንገድም አይሠራም። አንድ ኩባንያ እንደ ኬንያዊ የሚቆጠረው ባለቤቶቹ ሙሉ በሙሉ የኬንያ ዜጎች ሲኾኑ ብቻ መሆኑን ይኸው አንቀጽ ይገልጻል። የኢትዮጵያ፣ የአሜሪካ ወይም የሌላ ሀገር ፓስፖርት የያዘ ገዥ በዚህ ረገድ ልዩነት የለውም።

የሊዝ ዘመንን በተመለከተ ሊጠየቅ የሚገባው "ስንት ዓመት ተሰጠ?" ሳይሆን "ስንት ዓመት ቀረው?" የሚለው ነው። ከ50 ዓመት በፊት በተሰጠ የ99 ዓመት ሊዝ ላይ የሚገነባ ቤት የሚቀረው ከግማሽ ያነሰ ዘመን ነው።

ሌላው ጉዳይ የእርሻ መሬት ነው። ከከተማ ክልል ውጭ ያለው የባሕር ዳርቻ መሬት በከፊል በእርሻ መሬትነት የተመዘገበ ነው። እንዲህ ያለውን መሬት ለማስተላለፍ የመሬት ቁጥጥር ቦርድ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ቦርዱ ደግሞ ለውጭ ዜጋ እንዲተላለፍ እንዳይፈቅድ ሕጉ ያስገድደዋል። በመሆኑም የመሬቱ አገልግሎት በሕጋዊ መንገድ መለወጡን አስቀድሞ ማረጋገጥ ግድ ነው።

ቤቱ እስኪቆም ድረስ በእጅ ያለው ውል ነው

በኬንያ የጋራ ሕንፃ ባለቤትነት የሚመራው በ2020 በወጣው የጋራ ሕንፃ ይዞታ ሕግ ነው። በዚህ ሕግ መሠረት እያንዳንዱ ቤት የራሱ የባለቤትነት ማረጋገጫ ደብተር ይወጣለታል፤ የቤቶቹ ባለቤቶችም ግቢውን፣ ደረጃውንና ጣሪያውን በጋራ የሚያስተዳድር ማኅበር ይኖራቸዋል። ይህ አሠራር በሀገራችን ከሚታወቀው የኮንዶሚኒየም ባለቤቶች ማኅበር ጋር ይመሳሰላል።

ይሁን እንጂ የየቤቱ ደብተር የሚወጣው የቆመው ሕንፃ ተለክቶ ፕላኑ ሲመዘገብ ነው። እስከዚያ ድረስ ገዥው የያዘው ቤት ሳይሆን "ቤት እሰጥሃለሁ" የሚል ውል ነው። አልሚው ገንዘብ ቢያጥረው፣ ቢከስር ወይም ሥራውን ቢያቆም፣ ገዥው ቁልፍ የሚረከብ ባለቤት መሆኑ ይቀርና ዕዳውን የሚጠይቅ ባለገንዘብ ይሆናል። በዚህ ምክንያት በግንባታ ላይ ያለ ቤት ከተጠናቀቀው ይልቅ በርካሽ ይሸጣል፤ የዋጋው ልዩነት ገዥው ለሚሸከመው ስጋት የሚከፈል ካሣ ነው።

ከሁሉ በላይ አልሚው መሬቱን በባንክ መያዣነት አስይዞ እንደኾነ ማጣራት ይገባል። ብድሩ ካልተመለሰ ባንኩ መሬቱን ሊሸጠው ይችላል። መያዣ ካለ፣ ገዥው ዋጋውን ከፍሎ ሲጨርስ ባንኩ ያንን ቤት ከመያዣው ነጻ እንደሚያደርግ በጽሑፍ ሊያረጋግጥ ይገባል። ክፍያውም በቀን መቁጠሪያ ሳይሆን በግንባታው ደረጃ ይታሰር፤ ማለትም መሠረቱ ሲያልቅ፣ ወለሉ ሲሞላ፣ ጣሪያው ሲገባ። የግንባታውን ደረጃ የሚያረጋግጠው ደግሞ ከአልሚው ጋር ጥቅም የሌለው መሐንዲስ መሆን አለበት።

የባሕር ዳርቻው መሬት ታሪክ አለው

የኬንያ የባሕር ዳርቻ 10 ማይል ስፋት ያለው ክልል ለረጅም ጊዜ የዛንዚባር ሱልጣን ግዛት ነበር። ከ1895 ጀምሮ እንግሊዞች በኪራይ ያስተዳድሩት የነበረ ሲኾን፣ ወደ ኬንያ የተጠቃለለው በ1963 ሀገሪቱ ነጻ ስትወጣ ነው። በ1908 የወጣው የመሬት ይዞታ ሕግ ባለመብት ነኝ የሚል ሁሉ ቀርቦ እንዲያስመዘግብ ያዝዝ ነበር። በርካታ የአካባቢው ገበሬዎች ግን መሬታቸውን በልማድ እንጂ በወረቀት አልያዙም ነበርና ሳያስመዘግቡ ቀሩ። በዚህም የተነሳ ልጅ ልጃቸው ድረስ ኮኮናትና ካሹ ተክለው የኖሩበት መሬት በሌላ ሰው ስም ተመዘገበ። እስከ ዛሬም "ሰፋሪ" ተብለው የሚኖሩ ብዙ ቤተሰቦች አሉ።

ይህ ታሪክ ለገዥው ሁለት ትርጉም አለው። አንደኛው የሕግ ነው፤ በደብተር ንጹሕ የሚመስል መሬት በፍርድ ቤት ክርክር ሊነሳበት ይችላል። ሁለተኛው የኅሊና ነው፤ መሬት ማጣት ምን ማለት እንደኾነ የሚያውቅ የገበሬ ቤተሰብ ጥሪቱን የሌላውን ገበሬ በማፈናቀል ላይ ማዋል እንደማይሻ ግልጽ ነው። ስለዚህ ፋይል ማየት ብቻውን አይበቃም። ቦታው ድረስ ሄዶ ጎረቤቱን፣ ዓሣ አጥማጁንና የአካባቢውን ሽማግሌ "ይህ መሬት የማን ነበር? ክርክር አለበት?" ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ባሕሩ በሕንፃው ላይ የሚያስከትለው

ጨው ያዘለው የባሕር ነፋስ ብረት ያዝጋል። በኮንክሪቱ ውስጥ ያለው ብረት በበቂ ሽፋን ካልተጠበቀ ወይም ጨው ያለበት አሸዋ ከገባበት፣ ብረቱ ሲዝግ ያብጥና ኮንክሪቱን ይሰነጥቃል። ሊፍት፣ ጄኔሬተርና አየር ማቀዝቀዣም ከደጋው ሀገር ይልቅ ቶሎ ያረጃሉ። ይህ ሁሉ በየወሩ በሚከፈለው የጋራ አገልግሎት መዋጮ ላይ ይታያል። የጉድጓድ ውኃ ጨዋማ ሊኾን ስለሚችል ሕንፃው የመጠጥ ውኃ ከየት እንደሚያገኝ መጠየቅም ተገቢ ነው።

ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፤ ሁለት ጊዜም ይጎድላል። እንደ ዲያኒ ባሉ ቦታዎች ሲጎድል ውኃው ወደ ኮራል አለቱ ርቆ ይሸሻል። የማስታወቂያው ፎቶግራፍ የሚነሣው ሲሞላ ስለኾነ ገዥው ሁለቱንም ሰዓት በዐይኑ ቢያይ ይመረጣል። ሕንፃው ባሕሩ ከሚደርስበት ከፍተኛ መስመር ምን ያህል እንደራቀ፣ አሸዋውም በሞገድ እየተሸረሸረ እንደኾነ መታየት አለበት።

የኪራይ ገቢው ሲሰላ

የሚከተለው ስሌት የአሠራሩን መንገድ ለማሳየት የቀረበ ምሳሌ ነው። አንድ አፓርታማ በ100 ሺህ ዶላር ተገዛ እንበል። በከተማ ክልል የቴምብር ቀረጥ 4 በመቶ ስለኾነ 4 ሺህ ዶላር ይጨመራል፤ ከከተማ ውጭ 2 በመቶ ነው። ለዕቃ ማሟያ 8 ሺህ ዶላር ቢወጣ ጠቅላላ ወጪው 112 ሺህ ዶላር ይደርሳል። የጠበቃ ክፍያ በዚህ ውስጥ አልተካተተም።

ቤቱ በአዳር 60 ዶላር ሒሳብ በዓመት 150 ሌሊት ቢከራይ 9 ሺህ ዶላር ይገባል። አከራይቶ የሚያስተዳድረው ድርጅት 25 በመቶ ቢወስድ 2 ሺህ 250 ዶላር ይቀነሳል። የጋራ አገልግሎት መዋጮው በወር 150 ዶላር ቢኾን በዓመት 1 ሺህ 800 ዶላር ነው። ነዋሪነቱ በኬንያ ያልኾነ አከራይ ከጠቅላላ ኪራዩ 30 በመቶ ግብር ሲቀነስበት 2 ሺህ 700 ዶላር ይሄዳል። የሚተርፈው 2 ሺህ 250 ዶላር፣ ማለትም ከወጣው ገንዘብ 2 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ሻጩ "በዓመት 9 በመቶ" ሲል የሚናገረው ስለ ጠቅላላ ገቢው ነው፤ ቤተሰቡ እጅ የሚገባው ግን የመጨረሻው ቁጥር ነው።

የእንግዳው ቁጥርም ዓመቱን ሙሉ እኩል አይደለም። ከታኅሣሥ እስከ ጥር ገበያው ሲደራ፣ ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ባለው የዝናብ ወቅት ይቀዘቅዛል። በ2014 ብሪታኒያ ዜጎቿ ወደ ሞምባሳ እንዳይጓዙ ስትመክርና በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ ሲከሰት የባሕር ዳርቻው ሆቴሎች ባዶ ሆነው ነበር። የምንዛሪ ለውጥም አለ፤ በ2024 መጀመሪያ አንድ ዶላር 160 የኬንያ ሽልንግ ደርሶ፣ በዚያው ዓመት ወደ 130 ተመልሷል። በዶላር የተገዛ ቤት በሽልንግ ሲከራይ ይህ መዋዠቅ ገቢውን ይለውጠዋል።

ቤቱን መልሶ መሸጥ ቢፈለግም ከዋጋ ዕድገቱ ላይ ግብር አለ። ይህ ግብር 5 በመቶ የነበረ ሲኾን፣ ከጥር 2023 ጀምሮ 15 በመቶ ኾኗል።

ከመፈረም በፊት መደረግ ያለባቸው

1. በራስ የተመረጠ ጠበቃ መያዝ። አልሚው ያቀረበው ጠበቃ የሚሠራው ለአልሚው ነው። ጠበቃው የዘመኑ የሙያ ፈቃድ ያለው መሆኑ ከኬንያ የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ይረጋገጣል።

2. መሬቱ ከዕዳና ከእገዳ ነጻ መሆኑን፣ የባለይዞታውን ስምና ቀሪውን የሊዝ ዘመን በመሬት መዝገብ ቤት በይፋ ማስፈተሽ።

3. የካውንቲውን የግንባታ ፈቃድ፣ የብሔራዊ የአካባቢ አስተዳደር ባለሥልጣንን ፈቃድና በብሔራዊ የግንባታ ባለሥልጣን የተደረገውን ምዝገባ ቅጂ ጠይቆ፣ እውነተኛነቱን ከየመሥሪያ ቤቱ ማጣራት።

4. አልሚው ከዚህ ቀደም የሠራቸውን ሕንፃዎች መጎብኘትና በውስጣቸው የሚኖሩትን ማነጋገር፤ በተባለው ጊዜ ተረከቡ? ደብተራቸውስ ወጣ?

5. የርክክብ ቀን፣ የመዘግየት ቅጣትና ውሉ ሲፈርስ ገንዘቡ የሚመለስበት ጊዜ በውሉ መጻፉን ማረጋገጥ።

6. የመጀመሪያው ክፍያ በማን ሒሳብ እንደሚቀመጥ መለየት። በጠበቆች እጅ በአደራ የሚቀመጥ ገንዘብ በቀጥታ ለአልሚው ከተከፈለው የተሻለ ጥበቃ አለው።

7. ገዥው ራሱ መገኘት ካልቻለ ውክልናውን ለይቶ በተወሰነ ሥልጣን መስጠት፤ "ማንኛውንም ነገር ይፈጽምልኝ" የሚል ውክልና አለመስጠት።

ገንዘቡ የሚላክበት መንገድም ሕጋዊ ሊኾን ይገባል። ከኢትዮጵያ ካፒታል ወደ ውጭ ማውጣት በብሔራዊ ባንክ መመሪያ የሚገዛ ጉዳይ ስለኾነ አስቀድሞ ባንክን መጠየቅ ያስፈልጋል። በጓሮ የተላከ ገንዘብ ማስረጃ የለውም፤ ክርክር ሲነሳም "ከፍያለሁ" ብሎ ማስረዳት ያስቸግራል። በውጭ ሀገር የሚኖሩ ልጆችም ክፍያውን ከራሳቸው የባንክ ሒሳብ በስማቸው ቢፈጽሙት መብታቸው የተጠበቀ ይሆናል።

በኬንያ የባሕር ዳርቻ ቤት ገዝተው የተጠቀሙ ሰዎች አሉ፤ የባሕሩ ውበትም ሆነ የሀገሪቱ ዕድገት ሐሰት አይደለም። ነገር ግን አበው "ያልጠረጠረ ተመነጠረ" እንዳሉት፣ ዋጋው ነገ ይጨምራል እየተባለ በጥድፊያ የሚፈረም ውል ለጸጸት ቅርብ ነው። ለፍተሻ የሚጠፋ ሦስት ወር፣ ለዓመታት ሳይጠናቀቅ ከቆመ ሕንፃ ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው። የአልሚው ወረቀት እውነተኛ ከኾነ ፍተሻው አይጎዳውም፤ ፍተሻን የሚሸሽ ሻጭ ግን ለቤተሰቡ መልሱን አስቀድሞ ሰጥቷል።