ሥራ ፈት የተባለው እጅ

እስቲ የሁለት እጆቻችሁን ጀርባ አጋጥሙና ጣቶቻችሁን ወደ ታች አድርጋችሁ አንድ ደቂቃ ቆዩ። አውራ ጣት፣ ሌባ ጣትና መሃል ጣት መደንዘዝ ከጀመሩ ሐኪም «ካርፓል ተነል ይሆን?» ብሎ ይጠረጥራል። ነገሩ እንዲህ ነው፤ እጅ አንጓ ላይ ጣት የሚያንቀሳቅሱ ጅማቶች የሚያልፉባት ጠባብ መተላለፊያ አለች። ሚዲያን የሚባለው ነርቭም ከነሱ ጋር ተጋፍቶ ነው የሚያልፈው። ውስጧ ሲያብጥ ነርቩ ይጫናል፣ እጅ ይደነዝዛል፣ ሌሊት ከእንቅልፍ ይቀሰቅሳል። ሲብስ ብርጭቆ መያዝም ያስቸግራል።

የዚህች የአንድ ደቂቃ ፈተና ባለቤት አሜሪካዊው ጆርጅ ፌለን ነው፤ የክሊቭላንድ ክሊኒክ የእጅ ቀዶ ሐኪም። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው።) እንግሊዛዊው ጄምስ ፓጄት በ1854፣ የቦስተኑ ጄምስ ፑትናም በ1880 ስለ ሕመሙ ጽፈዋል። በሐኪሞች ዘንድ ስሙን የተከለው ግን ከ1950 ጀምሮ የጻፈው ፌለን ነው። ታዲያ ይኸው ሰው ሕመሙ ከሥራ ጋር አይገናኝም ብሎ ተከራከረ። ምክንያቱ? ብዙዎቹ ታማሚዎቹ ሴቶች፣ ያውም የቤት እመቤቶች ነበሩ። የቤት እመቤት ደግሞ ከባድ የእጅ ሥራ የላትማ!

ይህን ክርክር ይዛችሁ ወደ መስቃን ውረዱ። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄዳችሁ፣ ቡታጅራን አልፋችሁ፣ እንሰት ያለበት ጓሮ ግቡ። እንሰቱን የሚተክለው ወንዱ ነው፤ ቆጮ የምታደርገው ሴቷ ናት። ጣውላ አጋድማ ትደግፍና፣ የእንሰቱን ልጥ በተረከዟ ወጥራ፣ በተሰነጠቀ ቀርከሃ ትፍቃለች። ወደ ታች፣ እንደገና ወደ ታች፣ እንደገና… ቀኑን ሙሉ። ከዚያ ሥሩን መፍጨት አለ፤ ቡላውን መጭመቅ አለ። ኃይልና ድግግሞሽ አንጓን እንደሚጎዱ ዛሬ የታወቀ ነው (እርግዝና፣ ስኳርና የታይሮይድ ችግርም ያመጡታል፤ ሁሉም የቆጮ ጥፋት አይደለም)። ፌለን አንድ ቀን ብቻ እዚያ ጓሮ ቁጭ ቢል ምን ይል ነበር?

መስቃን ለምርምር እንግዳ አይደለችም። በ1986 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የስዊድኑ ኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ በቡታጅራ ዙሪያ በአሥር ቀበሌዎች ትልቅ የጤና ጥናት ጀምረዋል። ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ፣ ማን ገባ፣ ማን ወጣ ተብሎ ተመዝግቧል። ትልቅ ሥራ ነው። ግን የደነዘዘ እጅ አይገድልም፤ የሞት መዝገብ ላይም አይገባም።

ወደ ሕክምናው እንምጣ። አንዱ አልትራሳውንድ ነው፤ ፅንስ የሚታይበት ሳይሆን ነርቭ ላይ የሚያርፈው። አመጣጡ ከጦርነት ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ፈረንሳዊው ፖል ላንዥቫን የጀርመንን ሰርጓጅ መርከብ ለማግኘት በኳርትዝ ድንጋይ የማይሰማ ድምፅ ወደ ውኃ ሲልክ፣ በአቅራቢያው ያሉ ዓሦች ሞቱ። እጁን ውኃው ውስጥ የከተተም ሕመም ተሰማው። ይህ ድምፅ ሥጋ ውስጥ እንደሚሠራ ያሳወቀው እንግዲህ እጅ ነው! በ1930ዎቹ መጨረሻ ጀርመናዊው ራይማር ፖልማን በርሊን ውስጥ ለሕክምና አዋለው።

ለካርፓል ተነል ግን ትልቁ ወሬ የመጣው በ1998 ከቪየና ነው። 45 ሰዎች ተመረጡ፤ ሁለቱም እጃቸው የታመመ። አንዱ እጅ እውነተኛውን ድምፅ አገኘ፣ ሌላው የማስመሰያውን። ከስድስት ወር በኋላ ከታከሙት እጆች 74 በመቶው ደህና ተሻላቸው፤ ከማስመሰያዎቹ 20 በመቶ ብቻ። በዚያው ዓመት የወጣ አነስተኛ የቱርክ ጥናት ግን ልዩነት አላገኘም። የኮክሬን ገምጋሚዎች በ2013 ጥናቶቹን ሰብስበው ማስረጃው ደካማ ነው አሉ።

እኔን የያዘኝ ግን የቪየናው ቀጠሮ ነው። 20 ጊዜ፣ በየጊዜው 15 ደቂቃ፤ ሁለት ሳምንት በሳምንት አምስት ቀን፣ ከዚያ አምስት ሳምንት በሳምንት ሁለቴ። ማሽኑ ቡታጅራ አለ እንበል። ከገጠር ቀበሌ 20 ጊዜ ሄዶ መመለስ፣ 20 የትራንስፖርት ሒሳብ፣ 20 ቀን ቤቱን ለማን? ይህ ሁሉ ላልጠራ ማስረጃ። ወጌሻ ዘንድ በቅቤ መታሸት ቢያንስ ሠፈር ውስጥ ነው (ነርቭን ባያላቅቅም)። ሐኪሞች ቀድመው የሚያዙት ሌሊት አንጓን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ድጋፍ ርካሽ ነው። የአውራ ጣት ሥር ሥጋው ከሟሸሸ ግን ወደ ሐኪም መሄድ ነው፤ መተላለፊያዋን የሚያሰፋ ቀዶ ሕክምና አለ።

ድጋፉ ታስሮ ሲነጋ ደግሞ ጣውላው እዚያው ነው። በነገራችን ላይ አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ እንሰት የሚፍቅና የሚጨምቅ ማሽን ሠርቷል። የ20 ቀኑን ሒሳብ ለጎረቤታሞች አዋጥቶ ለዚያ ማዋል ይሻል ይሆን? እስቲ አስተያየታችሁን ጻፉልኝ፤ በተለይ ፍቃችሁ የምታውቁ።