ድምፅ የሌለው ፊልምና የቴይጂ ኢቶ ከበሮ

አንድ ፊልም ያለ ድምፅ ተሠርቶ፥ ያለ ድምፅም ሲታይ ኖሮ፥ ከ16 ዓመት በኋላ ሙዚቃ ቢጨመርበት ያው የቀድሞው ፊልም ነው ትላላችሁ ወይስ ሌላ ሥራ? ማያ ዴረን ከባሏ ከአሌክሳንደር ሐሚድ ጋራ በ1943 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) በሎስ አንጀለስ ያዘጋጀችው «የከሰዓት በኋላ መረብ» የተባለው አጭር ፊልም የደረሰበት ነገር ይኸው ነው። ዛሬ ብዙ ሰው የሚያውቀው ከነሙዚቃው ነው። ሙዚቃውን በ1959 የደረሰለት ግን ፊልሙ ሲሠራ ገና የ8 ዓመት ልጅ የነበረው ቴይጂ ኢቶ ነው።

ቴይጂ ኢቶ በ1935 በቶክዮ ከቴያትር ሰዎች ተወለደ። እናቱ ቴይኮ ኦኖ ዳንሰኛ ነበረች፤ አጎቱ ሚቺዮ ኢቶም በአውሮፓና በአሜሪካ በዳንስ ስሙ የታወቀ ሰው ነበር። ቤተ ሰቡ ወደ አሜሪካ የተሻገረው እሱ በሕፃንነቱ ሳለ ሲሆን፥ በዚያ አገር እናቱ በመድረክ ላይ ስትጨፍር በሙዚቃ የሚያጅባት ይኸው ልጅ ነበር። ዳንሰኛን የሚያጅብ ልጅ ዓይኑን ከእግሯ ሊነቅል አይችልም። እግሯ ከመሬት ሳይደርስ ቢመታ ቀደማት፤ ከደረሰ በኋላ ቢመታ ጐተታት። በአገራችንም የእስክስታ ወራጁን ትከሻ ሳያይ ከበሮ የሚደልቅ ሰው ምን እንደሚባል አንባብያን ታውቃላችሁ። በእኔ አስተያየት ኢቶ የፊልም ሙዚቃን የተማረው ያን ጊዜ ነው።

ከማያ ዴረን ጋራ የተገናኘው ገና በጐረምሳነቱ ነበር። እሷ ከ1947 ጀምሮ ወደ ሐይቲ እየተመላለሰች የአገሩን ሥርዓተ አምልኮና ከበሮ ስታጠና ቆይታ ነበርና፥ ኢቶም ወደዚያው ሄዶ የሐይቲን ከበሮ ተማረ። «የሌሊት ዓይን» ለተባለው ፊልሟ ሙዚቃ የደረሰላት እሱ ነው። በዚህ ፊልም ዳንሰኞቹ በኔጋቲቭ፥ ማለት ጥቁሩ ነጭ ነጩ ጥቁር ሆኖ፥ በከዋክብት መካከል እንደሚንሳፈፉ ሆነው ይታያሉ። እግራቸው የሚያርፍበት ምድር የለም። እንግዲህ በእናቱ እግር ምት ያደገው ልጅ መሬት ለማይረግጡ ሰዎች ምት መፈለግ ግዴታ ሆነበት።

ወደ ቀድሞው ጥያቄ እንመለስ። የተለመደው የሲኒማ ሙዚቃ ቫዮሊኑን ከፍ እያደረገ ለተመልካቹ፥ አሁን አልቅስ፥ አሁን ፍራ፥ እያለ ይነግረዋል። የኢቶ ሙዚቃ ይህን አያደርግም። ሴትዮዋ ደረጃውን ስትወጣ፥ ፊቱ መስተዋት የሆነውን ጥቁር ለባሽ ስትከተል፥ ቁልፉ በእጇ ላይ ቢላዋ ሲሆን፥ ድምፁ ጥቂት፥ ዝምታው ብዙ ነው። ሆኖም ፊልሙ እንደ ተወለደ በዝምታው በቀረ ይሻል ነበር የሚል ሰው ሚዛን የሚደፋ ነገር ተናግሯል፤ ያለ ድምፅ የሚያይ ሰው የርምጃውን ምት ከራሱ ያወጣ ነበርና፥ አሁን ከበሮው ይሰጠዋል። እኔ ግን ሙዚቃው እንዲገባ የፈለገችው የፊልሙ ባለቤት ራሷ መሆኗን አልረሳም። አንባብያንም ፊልሙን ሁለት ጊዜ፥ መጀመሪያ ድምፁን ዘግታችሁ፥ ቀጥሎም ከፍታችሁ ብታዩት ፍርዱ የናንተ ይሆናል፤ ርዝመቱ ከሩብ ሰዓት አይበልጥም።

ሁለቱ በ1960 ተጋቡ። በሚቀጥለው ዓመት በጥቅምት ወር ማያ ዴረን በ44 ዓመቷ ሞተች። ኢቶ በዚያው በ1961 ለቴያትር በደረሰው ሙዚቃ ኦቢ የተባለውን የኒው ዮርክ ሽልማት ተቀበለ። በ1972 ደግሞ ጀሮም ሮቢንስ ለኒው ዮርክ ከተማ ባሌት ላዘጋጀው «የውኃ ወፍጮ» ሙዚቃውን ደረሰ። ባሌቱ እጅግ ዝግ ያለ ስለ ነበር ከተመልካቹ ገሚሱ አጨበጨበ፥ ገሚሱ ጮኸበት።

ማያ ዴረን በሐይቲ አንሥታ ሳትቈርጠውና ሳትቀጥለው የሞተችበት ብዙ የፊልም ጥቅልል ነበር። ኢቶ ኋላ ካገባት ከሼሬል ኢቶ ጋራ ሆኖ ይህንኑ አቀናብሮ ለተመልካች እንዲበቃ አደረገ። እሱም በ1982 በ47 ዓመቱ በዚያችው በሐይቲ ሞተ።