ጋፋት፤ የመድፍና የጠብመንጃ ሥራ መማሪያ

በ19ኛው መቶ ዓመት በሰሜን ኢትዮጵያ አንድ ወጣት የጠብመንጃ ሥራ ለመማር ቢነሣ፥ የሚማርበትን ስፍራ መምረጥ በራሱ ፈቃድ የሚፈጸም ነገር አልነበረም። የብረት ሥራ ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድ ነበርና የቀጥቃጭ ልጅ በወናፉ አጠገብ ያድጋል፤ የአራሽ ልጅ ግን ወደዚያ ምድጃ አይቀርብም። ጠይብ ቡዳ ነው፥ ሌሊት ወደ ጅብነት ይለወጣል የሚለው እምነት ገበሬውን ማረሻና ማጭድ ከሚሠራለት ሰው ጋር ማዕድ እንዳይቆርስ፥ በጋብቻም እንዳይተሳሰር ይከለክለው ነበር። በጎንደርና በአካባቢው የዚህን ሥራ ትልቅ ድርሻ የያዙት ቤተ እስራኤል ነበሩ። ርስት ስለ ተነፈጋቸው ኑሯቸው በእጃቸው ጥበብ ላይ ተመሠረተ፤ ወንዱ ብረት ይቀጠቅጣል፥ ሴቷ ሸክላ ትሠራለች።

ነፍጥ ወደዚህ ሥርዐት ሲገባ ነገሩ ይበልጥ ተወሳሰበ። ጠብመንጃ የያዘ ሰው በጌታው ግቢ የተከበረ ነው፤ ብረት የሚያበጀው ግን የተናቀ ነው። ደግሞም ማረሻ መቀጥቀጥና ጠብመንጃ መሥራት የተለያዩ ጥበቦች ናቸው። የጠብመንጃውን ረጅም ብረት ከዳር እስከ ዳር ቀጥ አድርጎ ለመብሳት በመስፍና በመዶሻ ብቻ አይቻልም፤ ታጥፎ የሚመለስ ሞላ ለማበጀትም የብረቱን ዓይነትና የእሳቱን ልክ ለይቶ ማወቅ ግድ ነው። ስለዚህ መሣሪያው በምጽዋ በኩል ተሠርቶ ይገባ ነበር፤ የመሳፍንቱም ግቢዎች ከባሕር ማዶ የመጣ ባለ እጅ ባገኙ ጊዜ አይለቁትም ነበር።

ዐፄ ቴዎድሮስ በ1847 ዓ.ም. ከነገሡ በኋላ ሊለውጡት ያሰቡት ይህንኑ ነው። በ1848 ዓ.ም. ጀምሮ በኢየሩሳሌሙ ጳጳስ በጎባት አሳብ፥ በስዊስ አገር በባዝል ከተማ አጠገብ ከሚገኘው ከቅዱስ ክሪስኮና የተላኩ ሚሲዮናውያን ወደ ኢትዮጵያ ገቡ። እነዚህ ሰዎች በእጃቸው ሥራ እየኖሩ ወንጌል እንዲያስተምሩ የታሰቡ ነበሩ። ንጉሡ ግን ከመጽሐፋቸው ይልቅ እጃቸውን ተመለከቱ። በደብረ ታቦር አጠገብ በምትገኘው በጋፋት አሰፈሯቸው፤ ዋልድማየር፥ ዛልሙለር፥ ቤንደርና ማየር ከእነርሱ መካከል ናቸው።

ዋልድማየር በአውሮፓ አቆጣጠር በ1886 ባሳተሙት የሕይወት ታሪካቸው እንደሚተርኩት፥ ንጉሡ ቦምብ የሚተኩስ መድፍ ሥሩልኝ ባሏቸው ጊዜ አንችልም፥ ሥራውንም አናውቅም ብለው መለሱ። ንጉሡም አሽከሮቻቸውን አሰሩ፤ እነርሱም እንሞክራለን ለማለት ተገደዱ። የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ። በኋላ ግን መጠነኛ መድፍ ማፍሰስ ተቻለ፤ ደስ ያላቸው ንጉሥም በገንዘብና በተሸለመ በቅሎ አከበሯቸው። እንግዲህ በጋፋት መምህራኑ ራሳቸው ተማሪዎች ነበሩ ማለት ነው። ከመካከላቸው ጠብመንጃ መሥራት በእውነት ሙያው የነበረው ፈረንሳዊው ቡርጎ ነው፤ በማፍሰስ ሥራ የታወቀው ደግሞ የፖላንዱ ተወላጅ ሞሪትስ ሆል ነበር።

በእነዚህ ሰዎች ሥር ኢትዮጵያውያን ወጣቶች ፊደልና የእጅ ሥራ እንዲማሩ ተደረገ። ስለ ጋፋት የሚጻፈው ሁሉ ወይ የሚሲዮናውያኑን መከራ ወይ የንጉሡን ታላቅ ሕልም ይተርካል፤ ከሁለቱም ወገን የሚዘነጉት ተማሪዎቹ ናቸው። ሆኖም የጋፋት አዲስነት ከመድፉ ይልቅ በእነርሱ ዘንድ ይገኛል። እዚያ የብረት ሥራ ከጠይቡ ጎጆ ወጥቶ በንጉሥ ትእዛዝ የሚሰጥ ትምህርት ሆነ፤ በዘር ሳይሆን በመመደብ የሚገባበት ሆነ። በፈቃድ የሚገባበት ግን አልሆነም። ንጉሡ ራሳቸው መንገድ ሲሠራ ድንጋይ በእጃቸው ማንሣታቸው ለሥራ የነበራቸውን አክብሮት ያሳያል፤ ነገር ግን ሠራተኛውን በእስራትም በሽልማትም የሚያስገድድ ቤት ተማሪው ወድዶ የሚመርጠው ቤት ሊሆን አይችልም።

ሌላው ጉድለት በትምህርቱ ምርጫ ላይ ነው። ጋፋት ትኩረቷን የሰጠችው ለነሐስ ማፍሰስ ነበር፤ የሠራዊቱ የዕለት ችግር ግን የተበላሸ ጠብመንጃ ነበር። ወደ 7 ቶን የሚመዝነው ሴባስቶፖል ከደብረ ታቦር ተነሥቶ፥ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ በተጀመረው ጉዞ የጅጣንና የበሽሎን ገደል አልፎ መቅደላ የደረሰው በመጋቢት ነው። ግማሽ ዓመት ያህል የአንድ ሠራዊት ጉልበት በእርሱ ላይ ዋለ። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. በአሮጌ ሜዳ በተደረገው ጦርነት ከፋላ የተተኮሰው የመድፍ ጥይት አብዛኛው ከእንግሊዞች ራስ በላይ አለፈ። ከኋላው የሚጎርሰው የእንግሊዞች ሰናድር ግን ፊታውራሪ ገብርዬንና ብዙ ወታደሮቻቸውን ፈጀ።

ንጉሡ ጉድለቱን አላዩም ማለት አይገባም። በሚያዝያ 1858 ዓ.ም. ፍላድን ወደ እንግሊዝ የላኩት የመሣሪያ ሥራ የሚያውቁና ጥበቡን የሚያሳዩ ባለሙያዎች እንዲያመጣ ነበር። ባለ እጆቹ ከነመሣሪያቸው ምጽዋ ደረሱ፤ ይሁን እንጂ እስረኞቹ ስላልተፈቱ ወደ ውስጥ ሳይገቡ ተመለሱ። ቆንስሉንና ጓደኞቹን ማሰሩ፥ ጋፋትን ከምትፈልጋቸው መምህራን ጋር ያቆራረጠ ሥራ ሆነ።

ከመቅደላ በኋላ አውሮፓውያኑ ከናፒየር ጋር ወጡ። ዋልድማየር ወደ ሊባኖስ ሄዱ፤ ማየር ግን ተመልሰው በሸዋ ሠሩ። የጋፋት ምድጃ ጠፋ። በአንጻሩ ደጃዝማች ካሣ ምርጫ፥ የኋላው ዐፄ ዮሐንስ፥ ለተባበሩበት ዋጋ ከእንግሊዞች 12 መድፎችና ከ800 የሚበልጡ ጠብመንጃዎች ተቀበሉ፤ ከዚያ ወዲህ መሣሪያ በስጦታ፥ በምርኮና በግዢ የሚገኝ ሆነ። ስዊሳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ በ1871 ዓ.ም. ምኒልክ ዘንድ በደረሱ ጊዜ ጠብመንጃ እንዲሠሩ ቢታዘዙ፥ ከውጭ ማስመጣቱ ርካሽም የተሻለም ነው ብለው ተከራከሩ፥ በመጨረሻም ታዘው ሠሩ ተብሎ ይተረካል። በሒሳብ ኢልግ ልክ ነበሩ፤ ለዓድዋ የተገኘው ውጅግራና ሌላውም ጠብመንጃ ከውጭ የመጣ ነው። ነገር ግን ርካሹ ጠብመንጃ ሠሪውን ወደ ጠጋኝነት አወረደው።

ምኒልክ ባለ እጅ በሥራው እንዳይሰደብ ያወጁት በ1900 ዓ.ም. ነው። ከብዙ ዘመን በኋላ የተቋቋመ አንድ የጦር መሣሪያ ፋብሪካም ጋፋት የሚል ስም ተሰጥቶታል። በጎንደር አጠገብ በወለቃ ግን ቤተ እስራኤል በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. በብዛት ወደ እስራኤል እስከ ሄዱበት ጊዜ ድረስ፥ የብረት ሥራ የሚማሩት ልጆች የሚቀመጡት በአባታቸው ወናፍ አጠገብ ነበር።